የቆሎ መጠቅለያ ሆኖ የወጣው መዝገብ፦ ከአንዲት የጎጃም ወረዳ የጤና መድህን ምዝገባ የተወሰደ የጉዳይ ጥናት

ስለ ጉዳዩ

ይህ የሆነው ጎጃም ውስጥ ባለች አንዲት ወረዳ ነው። የወረዳዋን ስምም ዓመቱንም አልጠቅስም። ሰዎቹ አሁንም እዚያው ናቸው። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ማን የማን ልጅ እንደሆነ የማያውቅ የለም። እኔ ያኔ የጤና መድህኑን መረጃ ኮምፒውተር ላይ የማስገባው ሠራተኛ ነበርኩ። ስለዚህ ከጥፋቱ የራሴ ድርሻ አለኝ።

አሁን ለመጻፍ ያነሳሳኝ ሰሞኑን የፋይዳ መታወቂያ ለማውጣት የቆምኩበት ሰልፍ ነው። ከፊቴ የነበሩ አንዲት እናት የጣት አሻራና የዓይን አሻራ እንደሚነሱ ሲነገራቸው "ይህን ሁሉ ወስዳችሁ የት ታስቀምጡታላችሁ?" ብለው ጠየቁ። መዝጋቢው ልጅ "አያስቡ እማማ፣ አስተማማኝ ነው" አላቸው። ሳቄ መጣ። እኔም ያኔ ቃል በቃል እንዲሁ ነበር የምለው።

የነበረው ሁኔታ

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን ለጎጃም እንግዳ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች ውስጥ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር አንዷ ደቡብ አቸፈር ነበረች። ገበሬው አሠራሩን ያውቀዋል። አዝመራ ተሰብስቦ እጅ ላይ ገንዘብ ሲገባ መዋጮ ይከፈላል። ደብተሩ ታድሶ ማኅተም ይመታበታል። የታመመ ደብተሩን ይዞ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ሪፈር ተጽፎለት ሆስፒታል ይገባል። መክፈል ለማይችለው መንግሥት ይከፍልለታል።

በእኛ ወረዳ የአባላቱ ስም ለዓመታት የሰፈረው ትልቅ ባሕር መዝገብ ላይ ነበር። ጠርዙ ተበልቷል፣ ጀርባው በፕላስተር ተይዟል። ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ይውላል፤ የመጣ ሁሉ ያየዋል። የሚገርመው እሱን ማንም አልፈራውም።

ከዚያ ምዝገባው ወደ ድረ ገጽ ይዙር ተባለ። ስም፣ ዕድሜ፣ ስልክ፣ የቤተሰብ ብዛት፣ ፎቶ። ይህ ባልከፋ። ወረዳው ግን "እግረ መንገዳችሁን" ብሎ የራሱን ተጨማሪ ቅጽ አከለበት። የመሬት ይዞታ በጥማድ፣ የከብት ብዛት፣ ሌላ ገቢ። ምክንያቱ ማን መክፈል እንደሚችልና እንደማይችል ለመለየት ነው ተባለ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ማንም ግን የጤናንና የመሬትን ጥያቄ በአንድ ጠረጴዛ ላይ መጠየቅ ጎጃም ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ ቆም ብሎ አላሰበም።

የእኛ አገር ሰው መመዝገብን ከመሬት ለይቶ አያይም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብሩ ሲመጣ ጎጃም ያመፀው ለብሩ ብቻ ብሎ አልነበረም። መሬቱ ተለክቶ ርስቴ ሊወሰድ ነው ብሎ ነው። ያ የአያቶች ታሪክ ነው ይባል። የ1989ኙን የመሬት ሽግሽግ ግን የምንመዘግባቸው ሰዎች ራሳቸው አይተውታል። ያኔ "ቢሮክራት"፣ ማለትም በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ሹመኛ የነበረ ተብሎ ስሙ ዝርዝር ውስጥ የገባ ገበሬ ከአራት ጥማድ በላይ እንዳይዝ ተደርጎ የቀረው ለሌላ ተሰጥቷል። ስም ተጽፎ መሬት የሄደበትን ሰው "መሬትህ ስንት ጥማድ ነው? ለጤናህ ነው" ስትለው ምን እንዲያስብ ትጠብቃለህ?

ችግሩ

በመጀመሪያው ሳምንት የመጣው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ደብተሩን ለማደስ ፈቃደኛ የሆነው እንኳ "በባሕር መዝገቡ ጻፈኝ፣ እዚያ ውስጥ አታስገባኝ" ይለኝ ነበር። "እዚያ" ሲል በአገጩ ወደ ኮምፒውተሩ እያመለከተ።

ወሬው ብዙ ዓይነት ነው። ለግብር ነው የሚል አለ። ለመሬት ነው የሚል አለ። ወጣቶቹ ደግሞ ስልክ ቁጥራችን ለአጭበርባሪ ይሸጣል አሉ። ይህኛው መሠረት አልባ አልነበረም። አንዲት ባልቴት "ከጤና መድህን ነው የምንደውለው፣ የደረሰዎትን ቁጥር ያንብቡልን" ተብለው ቴሌብራቸው ላይ የነበረው ብር ተወስዶባቸዋል። ደዋዩ ቁጥራቸውን ከእኛ መዝገብ ያግኝ ከሌላ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ገበያው ግን ከእኛ ነው ብሎ ፈረደ።

ይህ ሁሉ እያለ ነው የቆሎው ነገር የመጣው።

ጤና ጣቢያው በየጊዜው የታካሚዎችን ዝርዝር ይልክልናል። ስም፣ የበሽታ ዓይነት፣ የተሰጠ መድኃኒት፣ ዋጋ። እኛ አይተን ክፍያ እንጠይቅበታለን። አንድ ሰሞን የቢሮው ፕሪንተር ቀለም አለቀበት። ግዢው ስለዘገየ ዝርዝሩን ከሲስተሙ እናወርድና በፍላሽ ይዘን መንገድ ዳር ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት እናሳትም ነበር። መብራት ሲቆራረጥ ወረቀቱ ይበላሻል፤ የተበላሸውን እዚያው ጥለን ጥሩውን ይዘን እንመጣለን። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ደግሞ የተበላሸ ወረቀት ሲጠራቀምለት ለቆሎ ሻጮች ይሰጣል። እነሱ እንደ ቀንድ እየጠቀለሉ ቆሎ ይሞሉበታል።

አንድ ቅዳሜ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የብር ቆሎ ገዛ። በልቶ ሲጨርስ መጠቅለያውን ዘርግቶ አነበበው። በሽታው በእንግሊዝኛ ስለሚጻፍ ሰው አይገባውም ብለን ነበር የምናስበው። ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ገባው። የጎረቤቱ ልጅ ስም አለ፤ ከጎኑ የሚጥል በሽታ፣ ከዚያ የመድኃኒቱ ስም። ልጅቷ በዚያው ጥር የምትዳር ነበረች። ከሳምንት በኋላ የወንዱ ወገኖች ሠርጉን አራዘሙት። ለምን እንደሆነ አልተናገሩም።

አባትየው ሰኞ ጠዋት ቢሮ መጡ። ጋቢያቸውን እንደለበሱ፣ ዱላቸውን ይዘው ቆሙ። "ይቀመጡ አባባ" አልኳቸው። አልተቀመጡም። ከኪሳቸው የተጨማደደውን ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ በመዳፋቸው አስተካክለው ዘረጉት። የጨው ፍንጣቂ ነበረበት።

"ይህ ከእናንተ ነው?"

ቅርጹን አየሁት። የእኛ ነው። "አዎ" አልኩ።

"እኔ ስሟን የሰጠሁት እንድትታከም ነው። እናንተ ለቆሎ ሰጣችሁት።"

ሌላ ምንም አልተናገሩም። ወረቀቱን መልሰው አጣጥፈው ይዘውት ሄዱ።

የመጀመሪያ እርምጃዎች

ያደረግነው ሁሉ የተሳሳተ ነበር፤ በቅደም ተከተል እንዳለ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ድምፅ ማጉያ ጭነን ዞርን። መኪናው በገበያ ቀን መሐል ለመሐል እየሄደ "ውድ የወረዳችን ነዋሪዎች፣ መረጃችሁ በአስተማማኝ ሁኔታ የተጠበቀ ነው" ይላል። የሚያዳምጠው ሕዝብ ግማሹ ቆሎ እየበላ ነው። ከዚያ ወዲያ ስንት ነገር እንደተባልን አልጽፈውም። ማንም ባልጠየቀበት ቀበሌ እንኳ ወሬው የደረሰው በእኛው መኪና ነው። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የሚል ሕዝብ ፊት ቀድመህ ከማልክ ጥርጣሬውን ራስህ ትቀሰቅሳለህ።

ቀጥሎ ማስገደድ መጣ። ድረ ገጹ ላይ ያልተመዘገበ ሪፈር አይጻፍለትም ተባለ። ቁጥሩ ወዲያው ከፍ አለ። አለቆች ደስ አላቸው፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። መዘዙ የታየው ቆይቶ ነው። ሰው የተመዘገበው በሐሰት ነበር። አንዱ የማይሠራ ስልክ ሰጥቷል። ሌላው ስድስት ልጅ እያለው ሁለት አስመዝግቧል። ከሞቱ በቆዩ አያታቸው ስም የተመዘገቡም ነበሩ። ክረምት ላይ አንድ ሕፃን ታሞ ሪፈር ይዞ ሆስፒታል ሲደርስ ስሙ መዝገቡ ላይ የለም። አባቱ ያልጻፈው ልጅ ነው። ከኪሳቸው ከፍለው አሳከሙት፤ የሸጡት በሬ መሆኑን በኋላ ሰማሁ።

ይህን ብዙ ጊዜ አስባለሁ። አለማመን ሁልጊዜ እምቢ በማለት አይመጣም። እሺ ብሎ፣ ተሰልፎ፣ ፈርሞ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጥሃል። ሪፖርትህ ላይ ግን መቶ በመቶ ይላል።

የእድሩ ስብሰባ

ነገሩ መስመር የያዘው አንድ ቀበሌ ውስጥ በእድር ስብሰባ ነው። የእድሩ ዳኛ "ከፈለጋችሁ ኑና አስረዱ፣ ግን ማይክ አታምጡ" አሉን። እኔና አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ላፕቶፕ ይዘን ሄድን። ላብራራ ስጀምር ዳኛው በእጃቸው አስቆሙኝ።

"የእኛ ሳጥን ሦስት ቁልፍ አለው። አንዱ እኔ ዘንድ፣ አንዱ ከጸሐፊው፣ አንዱ ከገንዘብ ያዡ። ሦስታችን ካልተገናኘን አይከፈትም። የእናንተ ስንት ቁልፍ አለው?"

እውነቱን ተናገርኩ። "አንድ ነው። አምስታችንም አንዱን ፓስወርድ ነው የምንጠቀመው። ስክሪኑ ጠርዝ ላይም ተለጥፏል።"

ሳቅ ሆነ። ግን ጥሩ ሳቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ጎረፈ፤ ስለ ሰርቨር የጠየቀ አንድም ሰው የለም። የቀበሌው ሊቀ መንበር ያየዋል? ገቢዎች ያየዋል? ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ያለችው የወንድሜ ሚስት ታየዋለች? ከሩቅ አገር ሌባ ይልቅ የፈሩት የሚያውቁትን ሰው ነው። የሩቁ ሌባ ልጅህን አያጭም፣ ድንበርህንም አይገፋም።

አንድ ሽማግሌ "የእኔን አሳየኝ" አሉ። አወጣሁላቸው። የባለቤታቸው ስም ተሳስቶ ተጽፏል። እዚያው አስተካከልኩት። "መሬቴንስ?" አሉ። ተጨማሪው ቅጽ ላይ ስምንት ጥማድ ይላል። "እሱን አጥፋው።" ሥልጣኑ እንደሌለኝ ነገርኳቸው። "እንግዲያው የእኔ መዝገብ አይደለማ" ብለው ተቀመጡ።

ያንን ቃል ይዘን ወደ ወረዳ ተመለስን።

የተለወጠው

ተጨማሪው ቅጽ ተነሣ። ክርክሩ ቀላል አልነበረም፤ ያሳመነው በሐሰት የተሞላው መረጃ ራሱ ነው። ድሃውን መለየት ወደ ቀድሞው መንገድ፣ ጎረቤት ወደሚመሰክርበት የቀበሌ ስብሰባ ተመለሰ። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የየራሱ ዩዘርኔምና ፓስወርድ ወጣ። ዝርዝር ከሲስተሙ የሚወርደው ሁለት ሰው ፈርሞ፣ በምን ምክንያት እንደሆነ ደብተር ላይ ተጽፎ ሆነ። ይህ የእድሩ ሳጥን ነው፤ ሐሳቡን የሰረቅነው ከእነሱ ነው። በሽታው በስሙ መጻፉ ቀርቶ በኮድ ሆነ። የተበላሸ ወረቀት ዓርብ ዓርብ ግቢ ውስጥ ይቃጠላል። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ የቀሩትን ፋይሎች ሄጄ እኔው አጠፋሁ። ስንት ወር እንደተከማቹ ሳይ ደነገጥኩ።

ከሁሉ የከበደው ይቅርታው ነበር። ኃላፊያችን በሕዝብ ፊት ይቅርታ እንድንጠይቅ ፈልገው ነበር። ሽማግሌዎቹ ናቸው የከለከሉት። "ስሟን ደግማችሁ ልትጠሩት ነው?" አሉ። ልክ ናቸው። ሁለት ሽማግሌ ይዘን በምሽት አባትየው ቤት ሄድን። ካሣ አልጠየቁም። የጠየቁት ሁለት ነገር ነው። የልጃቸው ስም በምንም ስብሰባ እንዳይነሳ፣ ሕዝቡ ግን ወረቀቱ ከእኛ መውጣቱን እንዲያውቅ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኃላፊው ቆመው "ወረቀት በእኛ ጥፋት ወጥቷል፣ ሰው ተጎድቷል፣ ይህን ይህን አስተካክለናል" ብለው ወረዱ። ከሦስት ደቂቃ አልበለጠም። ከድምፅ ማጉያው ሳምንት ሙሉ ልፍለፋ ይልቅ ሰው የሰማው ያንን ነው።

ያልሠራው

ሁሉም ተስተካከለ ብል እዋሻለሁ። የፓስወርዱ ነገር ሁለት ወር አልቆየም። አንዷ የዓመት እረፍት ወጣች፣ ሥራ ተከመረ፣ ፓስወርዷን በስልክ ለባልደረባዋ ነገረችው። ዳግም አንድ ቁልፍ ሆንን። ሥራው አምስት ሰው እየፈለገ ሁለት ሰው ብቻ ካለ የትኛውም ሕግ ይታጠፋል።

የተማረውን ወገንም ማሳመን አልቻልንም። አንድ መምህር በስልኩ እያሳየ ተከራከረኝ። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድህን ሲስተም ተሰብሮ 75 ሺህ ያህል ሰው መረጃው ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 የፊሊፒንስ መንግሥት የጤና መድህን ተጠልፎ 300 ሺህ ዶላር ተጠይቆበታል። "አሜሪካ ያልጠበቀችውን አንተ በዚህ ላፕቶፕ ልትጠብቀው ነው?" አለኝ። ያኔ መልስ አጣሁ። በኋላ ዝርዝሩን ሳነብ ነው የገረመኝ። የአሜሪካው የተገባበት በር ሰው የሚያስመዘግቡ ወኪሎችና ደላሎች የሚጠቀሙበት መግቢያ ነው። የፊሊፒንሱ ደግሞ የጸረ ቫይረስ ፈቃዱ አልቆ፣ እድሳቱ በግዢ ሂደት ዘግይቶ ነበር። እኛን ፎቶ ኮፒ ቤት የሰደደንም ያልተገዛ የፕሪንተር ቀለም ነው። መምህሩን ዛሬ ባገኘው ይህን እነግረው ነበር፤ መመዝገቡን እንጃ።

ለሌላ ቦታ የሚሆነው

የእኛን ሁኔታ የሚመስል ሥራ ላይ ያለ ሰው ቢጠይቀኝ የመጀመሪያው ምክሬ ስለ ኮምፒውተር አይሆንም። ቅጽህን ይዘህ ተቀመጥና እያንዳንዱን ጥያቄ "ይህን ባላውቅ ሰውየው አይታከምም?" ብለህ ጠይቀው። የሚታከም ከሆነ ሰርዘው። ያልሰበሰብከው መረጃ ቆሎ አይጠቀለልበትም።

ሁለተኛው፣ ሰው የራሱን መዝገብ በዓይኑ ይይ። የእድሩ ምሽት የሠራው ማብራሪያዬ አይደለም፣ የሚስታቸው ስም ሲስተካከል ነው። ያኔ ይህን ያደረግነው በግምት ነበር። አሁን ሕግ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዲከበር ይደነግጋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ ሰው መረጃውን የማየትና የማስተካከል መብት ሰጥቶታል፤ የጤና መረጃንም ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መድቦታል። የጠረጴዛው ሠራተኛ ይህን ካላወቀ ግን አዋጁ መደርደሪያ ላይ ነው።

ወረቀቱን ደግሞ አትርሱ። በስብሰባ ሁሉ ስለ ሃከር ይወራል። በእኛ በኩል መረጃው የወጣው በፍላሽ፣ በፕሪንተርና በቆሻሻ ቅርጫት ነው። ጥፋት ሲደርስ ቶሎ መናገርም አለ፤ ግን ከመናገራችሁ በፊት የተጎዳውን ሰው ጠይቁት። እኛ ሽማግሌ ባይኖር በይቅርታ ስም ልጅቷን ሁለተኛ ልንጎዳት ነበር።

የቀጣዩ ጥር

ልጅቷ ተድራለች፤ ያው ልጅ ነው ያገባት። ከሠርጉ በኋላ ነው የሰማሁት።

በቀጣዩ ዓመት እድሳት አባትየው መጡ። አልጠበቅኳቸውም። ደብተራቸውን ሰጡኝና "አሳየኝ" አሉ። የቤተሰባቸውን ገጽ አወጣሁ። በሽታ የሚባል ነገር እዚያ እንደሌለ፣ ልጃቸውም ወደ ባሏ ደብተር መዛወሯን አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ቀና ብለው ከኋላዬ ያለውን መስኮት አዩ። ሰልፉ የሚቆመው በዚያ በኩል ነው። አንዲት ሴትዮ አንገቷን አስግጋ በትከሻዬ ላይ ስክሪኑን ታነባለች።

"አንተ ልጅ" አሉኝ፣ "ይህን ጠረጴዛ አዙረው እንጂ።"

ሁለት ዓመት ሙሉ ስንሠራ ስክሪኑ ወደ ሰልፉ ዞሮ ነበር። እሳቸው በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው ይዘን አዞርነው።